ካርዱ ውድቅ ሲሆን፦ የሶፍትዌር የደንበኝነት ክፍያ ለምን ይቋረጣል፤ እንዳይቋረጥስ ምን ይደረግ?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)

 የዛሬው ርእሴ በዚህ መድረክ ከለመድናቸው ርእሶች ጋር ሲነጻጸር አነስ ያለ ሊመስል ይችላል። የምናገረው በየወሩ ለሶፍትዌር ስለምንከፍልበት የባንክ ካርድ ነው። ይህን ርእስ የመረጥኩት አንድ የምርምር ሥራ በእኔ ካርድ ምክንያት ሲሰናከል በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ የ43 ሰዎችን ቃለ መጠይቅ ሰብስባ፣ ጽሑፉን በአንድ የትንተና ሶፍትዌር ውስጥ አስገብታ፣ በየአንቀጹ ኮድ ሰጥታ ጨርሳ ነበር። ሶፍትዌሩ በየወሩ የሚከፈልበት ነው፤ ክፍያው ደግሞ ከእኔ ካርድ ላይ ይቆረጥ ነበር። ጽሑፏን ልታስገባ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀራት፣ አንድ ዐርብ ማለዳ ደወለችልኝ። «መምህር፣ ፋይሉ አልከፈት አለኝ፤ የደንበኝነት ጊዜው አልፏል ይላል» አለችኝ። እኔም ቀላል ነገር መስሎኝ ካርዴን እንደገና አስገባሁ። «ካርድዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልስ መጣ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። አምስት ጊዜ ያህል ከሞከርኩ በኋላ ወደ ሌላ ካርድ ዞርኩ፤ ወዲያው ያም ታገደ። ሰኞ ባንክ ሄጄ፣ ለሻጩ ጽፌ፣ መልስ ጠብቄ፣ መዝገቡ ሲከፈት 11 ቀን አልፎ ነበር። ተማሪዋ የማስገቢያ ቀኑ አመለጣት፤ አንድ ሴሚስተር ጠበቀች።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ስመረምረው ምክንያቱ እጅግ ተራ ሆኖ አገኘሁት። የካርዴ ዘመን ከአንድ ወር በፊት አልቆ ባንኩ አዲስ ካርድ ሰጥቶኛል፤ እኔ ግን በሻጩ ዘንድ የተመዘገበውን አልቀየርኩም። ሻጩ ሦስት ጊዜ በኢሜይል አስጠንቅቆኛል፤ ኢሜይሉ የሄደው ብዙም ወደማልከፍተው አድራሻዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የተከተለው እገዳ ደግሞ ያለ ማስተዋል የደጋገምኩት ሙከራ ያመጣው ነው። ከዚህ በመነሣት የዛሬ ንግግሬን ፍሬ ነገር በአጭሩ ላስቀምጥ። የካርድ ክፍያ ውድቅ መሆን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው፤ እኛ ግን እንደ ድንገተኛ አደጋ እንቀበለዋለን። ይህም የሚሆነው ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ስለማናውቅ፣ ከዚያም በላይ የተቋምን ሥራ በአንድ ሰው የግል ካርድ ላይ ስለምናንጠለጥል ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። እኛ ካርዳችንን ስናስገባ የምናየው ሁለት ወገኖችን ብቻ ነው፤ ራሳችንንና ሻጩን። በመካከል ግን የሻጩ ባንክ አለ፤ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለ የካርድ መረብ አለ፤ በመጨረሻም ካርዱን ለእኛ የሰጠን ባንክ አለ። የክፍያው ጥያቄ ከሻጩ ተነሥቶ በእነዚህ ሁሉ በኩል አልፎ ወደ ባንካችን ይደርሳል፤ ባንካችን ፈቅዶ ወይም ከልክሎ መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። መልሱ የሚመጣው አይ.ኤስ.ኦ. 8583 በተባለው ዓለም አቀፍ የመልእክት መስፈርት መሠረት በአጭር ኮድ ነው። 51 ማለት በቂ ቀሪ ሂሳብ የለም ማለት ነው፤ 54 የካርዱ ዘመን አልፏል፤ 14 የካርዱ ቁጥር ትክክል አይደለም፤ 57 ይህ ዓይነቱ ክፍያ ለዚህ ካርድ አልተፈቀደም፤ 91 የካርዱን ባንክ ማግኘት አልተቻለም ማለት ነው። ከሁሉም አስቸጋሪው 05 ነው። ትርጉሙ «አትቀበሉት» የሚል ብቻ ነው፤ ባንኩ ምክንያቱን ለራሱ ይዞ ይከለክላል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ልብ በሉ። ሻጩ ኮዱን ያያል፤ ለእኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየን «ካርድዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የዚህ ምክንያት አለው፤ የተሰረቀ ካርድ የያዘ ሰው የተከለከለበትን ምክንያት በዝርዝር ቢያውቅ ቀጣዩን ሙከራ ያስተካክላል። ስለዚህ እኛ የምናነበው ዓረፍተ ነገር ምርመራውን የምንጀምርበት ፍንጭ እንጂ መልስ አይደለም።

ሁለተኛው ልንረዳው የሚገባን ጉዳይ በመጀመሪያው ክፍያና በሚቀጥሉት ክፍያዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በመጀመሪያው ቀን እኛ ራሳችን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠናል፤ በካርዱ ጀርባ ያለውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር እናስገባለን፤ ባንኩ በስልካችን የላከውን የአንድ ጊዜ ኮድ እንሞላለን። በሁለተኛው ወር ግን ክፍያውን የሚጠይቀው ሻጩ ነው፤ እኛ በቦታው የለንም። የሻጩ ኮምፒውተር ለምሳሌ በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ እኩለ ሌሊት ላይ ክፍያ ሊሰበስብ ይችላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ባንካችን የአንድ ጊዜ ኮድ ቢጠይቅ ማን ይሞላል? ስለዚህ ተደጋጋሚ ክፍያ የሚሠራው ሻጩ «ይህ ክፍያ ደንበኛው አስቀድሞ የፈቀደው ነው» ብሎ ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር አያይዞ ሲልክ፣ ባንኩም ያንን ዓይነት ጥያቄ ለመቀበል የተዘጋጀ ሲሆን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ያለ ችግር አልፎ ሁለተኛው የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ባለፈው ወር ሠርቶ ነበር እኮ» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጠንካራ ማንነት ማረጋገጫ ሕግ ደንበኛው ሲመዘገብ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል፤ ቀጣዮቹን በሻጩ የሚጠየቁ ክፍያዎች ግን በመጀመሪያው ፈቃድ ላይ ተመሥርተው እንዲያልፉ መንገድ ይተዋል። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ባወጣው ደንብ፣ ተደጋጋሚ ክፍያ ከመቆረጡ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ደንበኛው እንዲነገረው አዟል፤ በመጀመሪያ ከ5,000 ሩፒ፣ በኋላ ደግሞ ከ15,000 ሩፒ በላይ የሆነ ክፍያ በእያንዳንዱ ጊዜ ማረጋገጫ እንዲጠየቅበት አድርጓል። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ሕንዳውያን ለዓመታት ያለ ችግር ሲከፍሉበት የነበረው አገልግሎት ተቋርጦባቸዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ካርዱ ጤነኛ፣ ገንዘቡም በቂ ሆኖ ሳለ ደንብ ብቻ ሲለወጥ ክፍያ ሊወድቅ እንደሚችል ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ ራሳችን ሁኔታ እንምጣ። ሁላችንም በኪሳችን የያዝነው፣ ከደመወዝ ሂሳባችን ጋር የተያያዘው የኤ.ቲ.ኤም. ካርድ ለሀገር ውስጥ አገልግሎት የተሰጠ ነው። በኢትስዊች በኩል ከሌላ ባንክ ማሽን ገንዘብ ያወጣልናል፤ የውጭ ሶፍትዌር ግን አይገዛልንም። ለዚያ የሚያስፈልገው በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ እሱም ከውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ጋር የተያያዘ ወይም በቅድሚያ የሚሞላ ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ የሚሞላ ካርድ ሲጠቀሙ ሰዎች የሚሠሩት የተለመደ ስሕተት አለ፤ የሶፍትዌሩ ዋጋ 20 ዶላር ከሆነ ልክ 20 ዶላር ይሞላሉ። ሻጩ ግን ግብር ሊጨምር ይችላል፤ ካርዱን ለማረጋገጥ አንድ ዶላር ያህል ለጊዜው ሊይዝ ይችላል፤ ዋጋው በዩሮ ከሆነ ደግሞ የምንዛሪ ልዩነት ይኖራል። በጥቂት ሳንቲም ጉድለት ሙሉው ክፍያ ይወድቃል። ስለዚህ ከዋጋው በላይ ጥቂት ማስቀመጥ ግድ ነው።

ምንዛሪን ካነሣሁ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። የሶፍትዌሩ ዋጋ በዶላር አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ በብር የተመደበው የምርምር በጀት ግን ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። በጀታችን በብር፣ ግዴታችን በዶላር በሆነ ቁጥር ይህን ስጋት አስቀድሞ ማሰብ የፕሮጀክት ዕቅድ አካል መሆን አለበት።

ከገንዘቡ ሌላ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ አለ። ሻጩ የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ ወር ነው። በየወሩ በ15ኛው ቀን የሚቆረጥ ክፍያ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 5፣ በየካቲት 8፣ በነሐሴ 9 ቀን ይውላል። «በየወሩ በ5» ብሎ የያዘ ሰው ቀስ በቀስ ይሳሳታል። በካርዱ ላይ 09/27 ተብሎ የተጻፈውም የሴፕቴምበር 2027 መጨረሻ ማለት ነው፤ በእኛ መስከረም 19 ቀን 2020 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የበጀት ዓመቱ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ዓመታዊ ክፍያችን በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከዋለ፣ ሂሳብ ክፍሉ አሮጌውን ዓመት እየዘጋ፣ የአዲሱ ዓመት ገንዘብ ገና ሳይለቀቅ ይደርሳል ማለት ነው። ከተቻለ የእድሳቱን ቀን ወደ ጥቅምት ወይም ወደ ኅዳር ማዛወር ይሻላል።

የአድራሻም ጉዳይ አለ። አንዳንድ ሻጮች የካርድ ባለቤቱን አድራሻና የፖስታ ኮድ ከባንኩ መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። ይህ አሠራር በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ የተለመደ ነው። የእኛ አድራሻ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ስለሆነ ቅጹ አይስማማንም። ቢሆንም መፍትሔው የሐሰት አድራሻ መጻፍ አይደለም፤ በባንክ መዝገባችን ያለውን ስምና አድራሻ፣ በዚያው የላቲን አጻጻፍ፣ ሳንለዋውጥ መጻፍ ነው። በአንዱ ቦታ «ተስፋዬ» የሚለውን ስም በአንድ መንገድ፣ በሌላው በሌላ መንገድ የምንጽፍ ከሆነ ጥርጣሬ እንጋብዛለን። የሌላ ሀገር አድራሻ በሚያሳይ ቪ.ፒ.ኤን. ላይ ሆኖ መክፈልም የማጭበርበር መከላከያውን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበትን አንድ መፍትሔ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ወንድም፣ እኅት ወይም የአክስት ልጅ ካርዱን እንዲሰጠን መለመን። ዘመድ ለዘመድ መድረሱ ደግ ነገር ነው፤ እኔም ተረድቼበታለሁ። ነገር ግን ከፋዩ በአንድ አህጉር፣ ተጠቃሚው በሌላ አህጉር ሲሆን የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል። ያ ዘመድ ካርዱ ጠፍቶበት ቢቀይር ለእኛ መንገር አይታወሰውም፤ ትዝ ቢለውም የካርዱን ቁጥር በቴሌግራም መላላክ ይጀመራል፤ ይህ ደግሞ ከውድቅ ክፍያ የከፋ አደጋ ነው። የግድ ከሆነ ዘመድ ራሱ ገብቶ ይክፈል፤ የካርዱ ቁጥር ግን ከእጁ አይውጣ። ከተቻለም በየወሩ ከማስቸገር የዓመቱን በአንድ ጊዜ ማስከፈል ይሻላል።

እንግዲህ ክፍያው እንዳይወድቅ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ካርዱን ስንወስድ ባንኩን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ በኢንተርኔት ለውጭ ሻጭ መክፈል ተፈቅዶለታል ወይ? በሻጩ የሚጠየቅ ተደጋጋሚ ክፍያ ይቀበላል ወይ? የቀንና የወር ጣሪያው ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ለደንበኝነት ክፍያ ብቻ የሚሆን ካርድ እንለይ፤ ለሌላ ግዢ የምንጠቀምበት ካርድ ሲጠፋ ወይም ሲታገድ ሶፍትዌሩን ይዞ እንዳይሄድ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን ደንበኝነት በአንድ ሰንጠረዥ እንመዝግብ፦ የሶፍትዌሩ ስም፣ ዋጋው በምን ገንዘብ እንደሆነ፣ የሚታደስበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የካርዱ ማብቂያ፣ ማስጠንቀቂያው የሚደርስበት ኢሜይል። ከእድሳቱ 10 ቀን በፊት በስልካችን ማስታወሻ እንሙላ። አራተኛ፣ ማስጠንቀቂያው ቢያንስ ሁለት ሰዎች በሚያነቡት አድራሻ ይድረስ። የካርድ መረቦቹ የታደሰ ካርድን ቁጥር ለሻጩ በራሳቸው የሚያሳውቁበት አገልግሎት አላቸው፤ ሆኖም የሚሠራው ባንኩም ሻጩም ሲሳተፉበት ነውና ካርድ በተቀየረ ቀን ራሳችን እንቀይር።

ክፍያው ከወደቀ በኋላስ? ከሁሉ አስቀድሞ እጃችንን እንሰብስብ። አንዳንድ ውድቀት ጊዜያዊ ነው፤ ገንዘብ ሲሞላ ወይም የባንኩ መስመር ሲመለስ ያልፋል። ዘመኑ ያለፈበትን ወይም የታገደን ካርድ ግን መቶ ጊዜ ብንሞክረው አያልፍም። ሻጮችም ቢሆኑ እንዳሻቸው አይደጋግሙም፤ ቪዛ አንድ የተከለከለ ክፍያ በ30 ቀናት ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ እንዳይሞከር ይገድባል፤ በአንዳንድ ኮዶች ደግሞ ጨርሶ እንዳይደገም ይከለክላል። በአጭር ጊዜ የተደጋገመ ሙከራ በባንክ ዓይን የሌባ ጠባይ ነው። እኔ ሁለተኛውን ካርዴን ያሳገድኩት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ባንክ እንደውል፤ ጥያቄያችን ግን «ካርዴ ለምን አልሠራም?» የሚል አይሁን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገንዘቡን መጠንና የሻጩን ስም ይዘን «ይህ ጥያቄ ደርሷችኋል ወይ? ምን መልስ ሰጣችሁ?» እንበል። ይህ ጥያቄ ችግሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ባንኩ «ደርሶናል፤ በዚህ ምክንያት ከልክለናል» ካለ መፍትሔው ከባንኩ ጋር ነው። «ምንም አልደረሰንም» ካለ ግን ጥያቄው ከባንኩ ሳይደርስ በመንገድ ቀርቷል፤ ምናልባት የሻጩ የራሱ መከላከያ አስቀርቶታል፤ ስለዚህ ለሻጩ መጻፍ ይገባል። እኔ ያን ሰኞ ይህን ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከ11 ቀናት ውስጥ ብዙዎቹን ባዳንኩ ነበር። ሻጩንም የጥቂት ቀናት ማራዘሚያ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እንደሆነ ሲነገራቸው ብዙዎቹ ይሰማሉ።

አሁን የተናገርኩት ሁሉ ግለሰቡ ሊያደርግ የሚችለው ነው። የመጨረሻው ቃሌ ግን ለተቋማችን ነው። አንድ መምህር ከግል ካርዱ ለላቦራቶሪው ሶፍትዌር ሲከፍል እንደ ትጋት እናየዋለን፤ እኔም ራሴን እንደ ትጉህ እቆጥር ነበር። በእርግጥ ግን የተቋሙን ስጋት ወደ አንድ ሰው ኪስ እያዛወርን ነው። ያ ሰው ሲታመም፣ ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ፣ ወይም እንደ እኔ ሲዘነጋ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በትምህርት ክፍል ስም፣ በሁለት ኃላፊዎች ክትትል የሚሠራ የክፍያ ካርድ ይኑር። ሻጩ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ በደረሰኝና በባንክ ዝውውር የዓመቱ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ይገዛ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈጸም ክፍያ ከ12 ክፍያ ያነሰ የመውደቅ አጋጣሚ አለው። በሦስተኛ ደረጃ፣ ማንኛውም የተማሪ መረጃ የደንበኝነት ክፍያ በማይጠይቅ የፋይል ዓይነት በየሳምንቱ ቅጂው ይወጣ። ለስታቲስቲክስ እንደ አር እና ፓይተን ያሉ፣ ለማጣቀሻ እንደ ዞተሮ ያሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ሥራውን የሚሸፍኑ ከሆነም፣ ከእነርሱ እንጀምር። የሚከፈልበትን መሣሪያ አልነቅፍም፤ ነገር ግን ክፍያ ሲቋረጥ መሣሪያው ብቻ ይቋረጥ እንጂ ዕውቀቱ አብሮ መታሰር የለበትም።

ተማሪዬ በሚቀጥለው ሴሚስተር ጽሑፏን አቅርባ በጥሩ ውጤት ተመረቀች። ይቅርታ ስጠይቃት «መምህር፣ የካርድ ነገር ነው፤ ምን ይደረጋል» አለችኝ። ያን ቀን በትሕትናዋ ዝም አልኩ። ዛሬ ብትጠይቀኝ ግን ምን ይደረግ እንደነበረ ልነግራት እችላለሁ፤ የነገርኳችሁም ያንኑ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የካርዳችሁን ማብቂያ ቀንና በእርሱ ላይ የተንጠለጠሉትን ደንበኝነቶች አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱም ጎን ያ ክፍያ ቢቋረጥ ሥራው የሚቆምበትን ሰው ስም አኑሩ።